ስልሳ ስምንት ፊርማ

የታመመው ሳንባዬ ነው እንጂ ምላሴ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ አሁን እኔን ሲያገኝ ድምፁን ዝግ አድርጎ፣ ቃል እየለቀመ፣ ለሕፃን እንደሚያወራ ስለሚያወራኝ ነው። ደረጃ መውጣት አልችልም፤ ሁለት ሰሐን አጥቤ ሦስተኛው ላይ ወንበር እፈልጋለሁ። ነገሩ ግን ይገባኛል። እንዲያውም ያኔ ያልገባኝ ሁሉ አሁን ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሁት ሚዛን መፈተሻ ክፍል ውስጥ ነው። ባለሱቁ የብረት ኪሎውን፣ ወርቅ ሠሪው ጥቃቅን መመዘኛዎቹን፣ መድኃኒት ቀማሚው የጠረጴዛ ሚዛኑን በዓመት አንዴ ያመጣልናል። እኛ ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠው ክብደት ጋር እናስተያየውና ልክ ከሆነ ማኅተም እንመታበታለን፤ ካልሆነ ይመለሳል። ሲያወሩት ቀላል ነው፣ ሥራው ግን ነፍስ ይበላል። ትልቁ ሚዛናችን በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እንኳን ሰው አጠገቡ ሲተነፍስ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ምክንያት ንፋስ እንዳያገኘው ሁለቱም መስኮቶች ዙሪያቸውን በሚጣበቅ ወረቀት ታሽገው ነበር። በሩም በራሱ የሚዘጋ ነው። ስቀጠር ታሽገው አገኘኋቸው፤ ስወጣም እንደታሸጉ ትቻቸው ወጣሁ።

በዚያ ክፍል ሦስት ነበርን፤ ጋሼ፣ ቀጭኑና እኔ። ጋሼ የክፍሉ አንጋፋ ናቸው። አንድ ኪሎ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ሦስት ግራም ጎድላለች ካሉ፣ ሚዛኑም ሦስት ግራም ጎድላለች ይላል። ቀጭኑ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ቀበቶው ላይ በየዓመቱ አንድ ቀዳዳ የሚጨምር፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ሁለቱም እኔን እታለም ነበር የሚሉኝ።

ጋሼ ለእኔ ምን እንደሆኑ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ባሌ ሲሞት ልጄ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሥራ ሳገኝ ዋስ አምጪ ተባልኩ። ዋስ ከየት ይመጣል? የባሌ ወንድሞች ስልክ ማንሳት ትተዋል፣ የኔዎቹ ደግሞ የራሳቸውም ዋስ የላቸውም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ እኚህ ሰውዬ ሻይ ይዘው ሲያልፉ አዩኝ። ምን ሆንሽ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ሻዩን አስይዘውኝ ገቡና ፈርመው ወጡ። ስሜን እንኳ የጠየቁኝ ከፈረሙ በኋላ ነው። ከዚያ ሥራውን ከሀሁ ጀምረው አስተማሩኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ እኚህን ሰው ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ይሄ ነገር ይቅር ብዬ አላውቅም።

ጋሼ በቀን ሁለት ፓኮ ያጨሳሉ፣ ቀጭኑ አንድ። ያኔ ማን የማያጨስ ነበር? አመዱ የሚዛኑ ሳህን ላይ እየወደቀ ልኬት ያበላሽብን ስለነበር ጠዋት ጠዋት በትንሽ ብሩሽ መጥረግ የኔ ሥራ ሆነ። የክፍላችን ግድግዳ ነጭ ተቀብቶ በዓመቱ የሻይ መልክ ይይዛል። ልጄ ከሥራ ስመለስ ሻርፔን ሳላወልቅ እንዳላቅፋት ትከለክለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ቀጭኑ ጭስ ስንት ይመዝናል ብሎ ጠየቀ። ጋሼ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ። አንድ ሲጋራ ሳይለኮስ መዘኑ። ከዚያ አጨሱና አመዱንና ቁራጩን ሰብስበው እንደገና መዘኑ። ከግማሽ በላዩ የለም። ይሄ ሁሉ የት ገባ ብለው ሲገረሙ ቀጭኑ "እታለም ዘንድ ነዋ" አለ። ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። እኔ ከሁሉም አብልጬ ነው የሳቅሁት።

ሕጉ የመጣው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። በሥራ ቦታ፣ በሻይ ቤት፣ በአውቶቡስ፣ ጣሪያና ግድግዳ ባለው ቦታ ሁሉ ማጨስ ክልክል ሆነ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እኔ ሳልናገር ሕግ ተናገረልኝ ብዬ ነበር። በየበሩ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ተቆጣጣሪ ይኑረው፣ ተቆጣጣሪውም በየወሩ መጨረሻ መዝገብ ላይ ይፈርም ተባለ። የመምሪያችን ኃላፊ፣ በዕድሜ ታናሼ የሆነ፣ ከረባቱን ከአንገቱ የማያወርድ ሰውዬ፣ ሦስታችንን ሰብስቦ ተቆጣጣሪ እንድሆን እኔን መረጠኝ። ከእርስዎ የተሻለ ማን አለ፣ የማያጨሱት እርስዎ ብቻ ነዎት አለ። ጋሼ አጨበጨቡልኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለቱም ግቢው ድረስ እየወረዱ አጨሱ። አርባ ሁለት ደረጃ ነው። የጋሼ ቀኝ ጉልበት ደግሞ የታመመ ነው፤ ሲወርዱ ግድግዳ ይዘው፣ ሲወጡ በየእርከኑ ቆመው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ዝናብ ጣለ። ጋሼ በሩን በትከሻቸው ደግፈው፣ ግማሽ ገላቸውን ኮሪደር አድርገው ለኮሱ። እኔን ቀና ብለው ዓይተው እንደ ማፈር አሉ። እኔ ደግሞ የባሰ አፈርኩ። አሁን እኚህን ሽማግሌ፣ እንጀራዬን የሰጡኝን ሰውዬ፣ ይውጡ ልበላቸው? አንገቴን ደፍቼ የተጠረገውን ሳህን እንደገና ጠረግሁ። በሦስተኛው ሳምንት ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ቀጭኑም እሳቸውን አይቶ ተመለሰ።

ወሩ አለቀና መዝገቡ መጣ። የምፈርምበት ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ ታትሟል፤ "በዚህ ወር ክፍሉን ተቆጣጥሬ ሲጋራ ሲያጨስ ያገኘሁት ሰው የለም" ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ ያጨሰ ካለ፣ ስሙ የሚጻፍበት ክፍት ቦታ አለ። ክፍት ቦታው ላይ የማንን ስም ልጻፍ? የጋሼን? ዋሴን? ለዚህ ወር ብቻ ነው፣ በሚቀጥለው ወር እነግራቸዋለሁ ብዬ ፈረምኩ። በሚቀጥለው ወር ጉልበታቸው ባሰባቸው። ከዚያ በሚቀጥለው እህታቸው ሞተችባቸው፤ በሐዘን ላይ ያለ ሰው ሲጋራ አጥፋ ይባላል? ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩት። መዝገቡ ሲመጣ እፈርማለሁ፣ መዝገቡ ይሄዳል።

ቅጥፈት የለመድኩ ሴት እንዳልመስላችሁ። አንድ ግራም የጎደለው ኪሎ በእጄ አልፎ አያውቅም። አንድ ጊዜ አንድ ባለሱቅ ኪሎው አራት ግራም ጎድሎበት፣ ልጆች አሉኝ፣ ዘንድሮን አሳልፊኝ ብሎ እግሬ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። በሕግ ቀልድ የለም ብዬ መለስኩት። ይህን ስለው ከግራ የጋሼ፣ ከቀኝ የቀጭኑ ጭስ ፊቴን ሸፍኖት ነበር። ሰውዬው ዓይኑን እያሸ ወጣ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ፣ እሷ ነበርኩ።

ደግሞ ሌላ ጉድ ልንገራችሁ። ኃላፊያችን ራሱ አጫሽ ነው። ቢሮው ዙሪያውን መስታወት ስለሆነ፣ ከመንገድም ከኮሪደርም ስለሚታይ፣ የሚያጨሰው እኛ ዘንድ መጥቶ ነው። የታሸገ መስኮት፣ በራሱ የሚዘጋ በር፣ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ያገኛል? ከረባቱን ትከሻው ላይ ወርወር አድርጎ የኔ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ በወሩ መጨረሻ የፈረምኩበትን መዝገብ አይቶ ከሥሩ ይፈርማል። አንድም ቀን ዋሽተሽ ፈርሚ ብሎኝ አያውቅም። ምን ሊለኝ? ሳይለኝ እፈርምለት የለ።

ሳሉ በሦስተኛው ዓመት ጀመረኝ። ጉንፋን ነው አልኩ። በአራተኛው ዓመት አርባ ሁለቱን ደረጃ ሁለት ቦታ ላይ አርፌ መውጣት ጀመርኩ፤ ያን ጊዜ ጋሼ በጉልበታቸው፣ እኔ በትንፋሼ፣ ጎን ለጎን እየቆምን አብረን እንወጣ ነበር። ስንደርስ እሳቸው ለማረፍ ይለኩሳሉ። በስድስተኛው ዓመት ጋሼ ጡረታ ወጡ። ከወራት በኋላ እኔ ሚዛኑ ፊት ወደቅሁ። ቀጭኑ ተሸክሞ አወረደኝ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው በቀን ስንት ሲጋራ ታጨሻለሽ የሚል ነበር። አላጨስም አልኩት፤ አላመነኝም። ወደ ልጄ ዞሮ ጠየቃት። እሷም ደግማ ነገረችው። እቤት የሚያጨስ አለ? የለም። ታዲያ የት ነው የምትውይው አለኝ። ነገርኩት። ፎቶውን መብራቱ ላይ ሰክቶ ረጅም ጊዜ አየውና የሰው ጭስ ነው የበላሽ አለኝ። የሚሻል በሽታ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ከአየር ኦክስጅን አጣርቶ የሚሰጥ መሣሪያ እቤቴ ቢኖር ጋደም ብዬ መተኛት፣ ከሰፈር እስከ ገበያ መራመድ፣ ብዙ ዓመትም መቆየት እንደምችል አስረዳን። መሣሪያው ከእኛ አቅም በላይ ነው። በሽታው ከሥራ የመጣ ከሆነ ግን የማቅረብ ግዴታው የመሥሪያ ቤቱ ነው።

ልጄ አስተማሪ ናት። የአባቷን ግንባርና የእኔን ምላስ ይዛ የወጣች፣ ነገር ከያዘች የማትለቅ። በሳምንቱ ማመልከቻውን ጽፋ አስገባች። የሥራ ጉዳት የሚመለከተው ጉባኤ ቀን ቆረጠልን። ምስክር ያስፈልጋል ተባለ። ቀጭኑን በስልክ ጠየቅሁት፤ የጋሼን ቦታ ሊሰጡት እንደሆነ፣ ልጆቹም ትንንሾች እንደሆኑ ነገረኝና ስልኩን ዘጋ። የቀሩን ጋሼ ናቸው።

ቤታቸው ሄድን። በሩን ራሳቸው ከፈቱልን፤ ፊታቸው ወዛ ብሎ፣ እንደ ሸንበቆ ቀጥ ብለው። ይሄን ሁሉ ዘመን ያጨሱት እሳቸው፣ የምስለው እኔ! በልቤ እግዜርን ተቀየምኩት። ልጄ ጉዳዩን አስረዳቻቸው። ትንሽ እንኳ አላንገራገሩም። የሠራሁትን እናገራለሁ አሉ፤ ከዚያ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ልጄ ብቻ ነበረች ደረቅ ዓይን የነበራት። ስንመለስ እማዬ አሸነፍን አለችኝ።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ስለ መዝገቡ ለልጄ አልነገርኳትም። ማመልከቻውን ስትጽፍ ጎኗ ቁጭ ብዬ፣ ምን ላይ ነጥብ ላድርግ እያለች ስታማክረኝ፣ አፌ ድረስ እየመጣ መለስኩት። ማን ያገኘዋል፣ አይጥ በልቶታል፣ መጋዘን ውስጥ ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። እውነቱ ግን እንዳትንቀኝ ፈርቼ ነው። ይህች ልጅ ውሸት እንዳትለምድ አርጩሜ ያነሳሁባት፣ ለሰው ሁሉ እናቴ አትዋሽም ስትል የኖረች ልጅ ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሳንባን የሚመለከት ይመስለኝ ነበር።

በቀኑ ጠዋት ልጄ ደግፋኝ ገባሁ። ጉባኤው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች፣ ፊቷ ክፉ ያልሆነ ሴት ናት። በዚያ ወገን የመሥሪያ ቤታችን ነገረ ፈጅና ኃላፊያችን ተቀምጠዋል። ኃላፊው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ እግዜር ይማርዎት አለኝ። ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ጥግ ላይ ነበሩ።

የሐኪሙ ወረቀት ተነበበ። ጋሼ ተጠሩ፤ ቆመው፣ ሳይንተባተቡ፣ ሕጉ ከወጣ በኋላም በየቀኑ እዚያው ክፍል ውስጥ ሲያጨሱ እንደኖሩ ተናገሩ። ቀጭኑም ኃላፊውም ያጨሱ እንደነበር ጨመሩ። መስኮቱ እንደታሸገ ተናገሩ። ሰብሳቢዋ ትጽፋለች። ልጄ እጄን ጨበጥ አደረገችው። እኔም ለአንድ አፍታ፣ እውነቴን ነው፣ ያቺ መሣሪያ አልጋዬ አጠገብ ቆማ ታየችኝ።

ነገረ ፈጁ ምንም አልተቃወመም። ቦርሳውን ከፍቶ መዝገቡን አወጣ። አይጥ አልበላውም፤ ጥርዙም አልተነቃነቀም። ሰብሳቢዋ ፊት ዘረጋውና ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ እየገለጠ ቆጠረላት። ስልሳ ስምንት። ክፍት ቦታው ስልሳ ስምንት ጊዜ ክፍት ነው። ከዚያ ወደ እኔ ይዞት መጣ።

ፊርማው የእኔ እንደሆነ ጠየቀኝ። የእኔ ነው አልኩ። አንዷን ወር ያነበንብልኝ ጀመር፤ ክፍሉን ተቆጣጥሬ፣ ያገኘሁት ሰው የለም። እጄን ይዛ የነበረችው ልጄ እጇን ላላ አደረገችው። አልተወችኝም፣ ላላ አደረገችው። የሃያ ሦስት ዓመት ጭስ ያላደረገኝን ያቺ እጅ አደረገችኝ።

"አስገድዶ ያስፈረመዎት ሰው ነበር?" አለ ነገረ ፈጁ።

ኃላፊውን አየሁት። እሱም አየኝ፤ ዓይኑን አልሰበረም። አዎ እሱ ነው ብል ማን ይክደኝ ነበር? ጋሼ ይመሰክሩልኝ ነበር። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፤ ሌላ ጊዜ ለሰው ሁሉ የማይሰንፈው ምላሴ የዚያን ቀን ለእኔ አልታዘዝም አለኝ። ስልሳ ስምንት ውሸት ፈርሜ ስልሳ ዘጠነኛው አልወጣ አለኝ።

"ማንም አላስገደደኝም" አልኩ። "አፍሬ ነው።"

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። ምን አፍረው አለችኝ፣ በደግ ድምፅ። ጋሼ ትልቅ ሰው እንደሆኑ፣ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ ዋሴ እንደሆኑ ነገርኳት። ስናገረው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ምን ያህል ቀሊል እንደሆነ ለራሴም ተሰማኝ። ጋሼ ከጥግ ብድግ ብለው እሷ ምን አጠፋች፣ ያጨስኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ቅጡኝ አሉ። ይቀመጡ ተባሉ።

"እናቴ፣ ይገባኛል" አለችኝ ሰብሳቢዋ። "ግን ይሉኝታ ብዬ የምጽፍበት አንቀጽ የለኝም።"

ኃላፊው ደግሞ ተጠይቆ፣ እኔ ያመንኩት መዝገቡን ነው አለ። ይህንን ሲል ከረባቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ብድግ ብዬ ልናገር ስል ሳሉ ያዘኝ፤ ልጄ ውኃ እስክትሰጠኝ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ፣ ጉባኤው ተነስቶ ነበር።

ጋሼ ደጅ ላይ ጠብቀው እግሬ ሥር ሊወድቁ ሲሉ ልጄ ያዘቻቸው። አልገሰጸቻቸውም፣ አላጽናናቻቸውምም። ታክሲ ይዘን ተመለስን። እቤት ገብተን ሻርፔን አወለቀችልኝ፣ ትራሶቹን ከጀርባዬ ደረደረችልኝ። ሁሉን ጨርሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና አንድ ጊዜ ሕፃን ሆና ስኳር ሰርቃ አልበላሁም ስላለችኝ እስከ ማታ በር ላይ እንዳቆምኳት አስታወሰችኝ። ለስኳሩ አይደለም ለውሸቱ ነው ብለሽኝ ነበር አለች።

ከዚያ እስካሁን ድረስ ውስጤ ተሰክቶ የቀረውን ተናገረች፣ ሳትጮህ።

"እማዬ፣ በየወሩ ስትፈርሚ እኮ ከእኔና ከእሳቸው ጉልበት እየመረጥሽ ነበር። ስልሳ ስምንት ጊዜ እሳቸውን መረጥሽ።"

እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። እኔ የሰጠሁት የራሴን ነገር ይመስለኝ ነበር፤ የራሴን ሳንባ፣ የራሴን ዕድሜ። ሰው የራሱን ቢሰጥ ማን ይከለክለዋል? ለካ ዕድሜዬ የእሷም ነበር። አባቷን በአራት ዓመቷ ያጣች ልጅ፣ እናቷ ደግሞ ለሰው ጉልበት ብላ የራሷን ዕድሜ በየወሩ ስታሳጥርባት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ የእኔ ገመድ ጫፉ ላይ ግን ልጄ ነበረች።

አትቀየሙኝ፣ ጋሼን አልጠላኋቸውም። ልጠላቸው ሞክሬ አልሆነልኝም። በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ ማጨስ እንዳቆሙ ነገሩኝ። እሰይ አልኳቸው። ልጄ ስልኩን ትሰጠኝና ሌላ ክፍል ትሄዳለች። ከእኔ ጋር ትበላለች፣ ታጥበኛለች፣ መድኃኒቴን በሰዓቱ ትሰጠኛለች፤ ጎኔ ቁጭ ብላ ግን እንደ ድሮው አትስቅም። እኔም ነገር እየፈለግሁ አስቃታለሁ ብዬ ስጀምር ትንፋሼ መሐል ላይ ያልቅብኛል።

ውሳኔው በሁለተኛው ወር መጣ። ልጄ ትምህርት ቤት ናት፤ እኔ እንደ ልማዴ ተቀምጬ አሸልቤያለሁ። ጋደም ብዬ መተኛት ከተውኩ ቆይቻለሁ። በሩ ተንኳኳ። የጉባኤው መልእክተኛ ነው፤ ጎልማሳ፣ ዳገት ስለወጣ ላብ ያጠመቀው፣ ትሑት ሰው። ፖስታውን ሰጠኝና ስለ መድረሱ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ አለ።

ቆይ አንብቤ ነው አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈርም አስቀድሜ አነበብኩ። ሦስት ገጽ ነው። ሰውዬው በር ላይ ቆሞ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሩ ይደገፋል። ገጹ ብዙ ነገር ያወራል፤ ፍሬው ግን ሁለት ነው። መዝገቡ እውነት ከሆነ፣ አመልካች የሠራችው ጭስ በሌለበት ክፍል ስለሆነ በሽታው ከሥራ የመጣ አይደለም። መዝገቡ ውሸት ከሆነ ደግሞ፣ ጭሱን እንድትከላከል ኃላፊነት የተሰጣት አመልካች ራሷ ስለሆነች፣ ባልተወጣችው ኃላፊነት ለደረሰባት ጉዳት መሥሪያ ቤቱ አይጠየቅም። ስለዚህ መሣሪያውን የማቅረብ ግዴታ የለበትም። በዚህም ብትሉ በዚያ ጥፋተኛዋ አንድ ሰው ናት። ሕጉ ከወጣ ጀምሮ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስሙ ተጽፎ ጥፋተኛ የተባለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ አንድ ሲጋራ ከንፈሬ ላይ አርጌ የማላውቀው።

ወረቀቱን አጣጥፌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

"አልፈርምም" አልኩት።

አፌን ሞልቶ ወጣ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ፈልጌ ያጣሁት ቃል ይሄን ያህል ቀላል ነበር? ደስ አለኝ ልበል ፈራሁ ልበል እንጃ። ልጄ በነበረችና በሰማችኝ አልኩ።

ሰውዬው አልተቆጣም፣ አልተከራከረኝም። ብዙ እንደኔ ያለ ሰው አይቷል መሰለኝ።

"ግድ የለም እናቴ" አለኝ። "አልፈርምም ብለዋል ብዬ እጽፍበታለሁ። ያው እንደ ፈረሙ ይቆጠራል።"

ቅጹን ክርኑ ላይ ዘርግቶ ኪሱን ይዳብስ ጀመር። የደረቱን ኪስ፣ የሱሪውን፣ እንደገና የደረቱን። አንገቱን አከከና ብዕር ይኖርዎት ይሆን እናቴ አለኝ። ተነስቼ፣ ግድግዳውን እየተደገፍኩ፣ ሁለት ቦታ ላይ አርፌ፣ ከልጄ ጠረጴዛ ላይ አምጥቼ ሰጠሁት። ቆሞ እንዳይጽፍ ብዬም ወንበሬን አቀረብኩለት።